ጠላ የሌለበት ማኅበር የት ይገኛል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው በመንዝ፣ በመሀል ሜዳ አካባቢ የሚያስተምሩ የ41 ዓመት መምህር ናቸው። አረቄ ከለመዱ 12 ዓመት ሆኗቸዋል። «ሦስት ጊዜ በታቦት ምዬ ሦስት ጊዜ አፍርሻለሁ» ይላሉ። ጠዋት አንድ ሁለት መለኪያ ካልቀመሱ ጠመኔ የያዘ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። አዲስ አበባ የምትኖር የአክስታቸው ልጅ፣ መጠጥ ለማቆም የሚፈልጉ ሰዎች እየተሰበሰቡ የሚረዳዱበት ቡድን እንዳለ ነግራቸዋለች። «እኛ አገር ይህ ይገኛል? ብሄድስ ምን ያደርጉኛል? ተማሪ ወይም ወላጅ ቢያየኝስ? የሚካኤል ማኅበር አለብኝ፤ እርሱንስ ምን ላድርገው?» ሲሉ ጠይቀዋል።

መምህር፣ ጥያቄዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ ቡድኑ ልመልስልዎ ስነሳ በመካከል እንደ ዘበት ያስገቧት አንዲት ነገር ያዘችኝ፤ ጠዋት ካልቀመሱ እጅዎ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ወደ ቡድኑ ከመሄዳችን በፊት እጅዎን እንይ።

ይህ መንቀጥቀጥ የብርድም የፍርሃትም አይደለም። አልኮል አንጎልን ያደነዝዛል፤ አንጎል ደግሞ ለዓመታት በየቀኑ ሲደነዝዝ ሚዛኑን ላለመሳት ራሱን በኃይል ማንቃት ይለምዳል። መጠጡ በድንገት ሲቋረጥ ያ ንቃት ልጓም እንደ በጠሰ ፈረስ ይሆናል። መንቀጥቀጡ፣ ላቡ፣ የልብ ምቱ መፍጠን፣ ማቅለሽለሹ ከመጨረሻው መለኪያ በኋላ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል። በ48 ሰዓት ውስጥ እንደሚጥል በሽታ አንዘፍዝፎ የሚጥለው ሰው አለ። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ አንዳንዱ የሌለ ነገር ያያል፤ የሌለ ድምፅ ይሰማል፤ ቀንና ቦታ ይጠፋበታል፤ ትኩሳት ይይዘዋል። እዚህ የደረሰ ሰው ካልታከመ ሊሞት ይችላል።

እርስዎ ለማቆም የቆረጡ ሰው ስለሆኑ የምፈራልዎ ይህንን ነው። ነገ ጠዋት «ከዛሬ ጀምሮ አበቃ» ብለው በር ዘግተው እንዳይተኙ። በየቀኑ የሚጠጣና ጠዋት የሚንቀጠቀጥ ሰው ብቻውን በድንገት ማቆም የለበትም። መሀል ሜዳ ላይ ሆስፒታል አለ። ይሂዱና ሳይሸፋፍኑ ይናገሩ፤ በቀን ስንት መለኪያ እንደሚጠጡ፣ ለስንት ዓመት፣ የመጨረሻውን መቼ እንደቀመሱ፣ ከዚህ በፊት ሲያቆሙ ወድቀው ወይም የሌለ ነገር አይተው እንደነበር። ሐኪሙ እንደ ሁኔታዎ አስተኝቶ ወይም እያመላለሰ፣ ዲያዜፓም የተባለውን መድኃኒት ለጥቂት ቀናት እየቀነሰ ይሰጥዎታል፤ ቫይታሚን ቢ1ም ይጨምርበታል። ቫይታሚኑ ትንሽ ነገር እንዳይመስልዎ። ለዓመታት በጠጣ ሰው ሰውነት ውስጥ ብዙ ጊዜ ተሟጥጦ ይገኛል፤ ሳይተካ ከቀረ የማስታወስ ችሎታን እስከ መጨረሻው ሊያጠፋ ይችላል። ዲያዜፓሙን ግን ከመድኃኒት ቤት ገዝተው በራስዎ እንዳይጀምሩት፤ ከአረቄ ጋር ሲገናኝ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል።

ፀበልም እንዳለ አውቃለሁ። የመንዝን ሰው ሳነጋግር ጻድቃኔ ማርያምን፣ የምንጃርን ሰው ሳነጋግር ሸንኮራ ዮሐንስን አልዘነጋም። ከታካሚዎቼ ብዙዎቹ እዚያ ሰላም አግኝተዋል፤ ከጠጪ ጓደኛ ርቆ ሱባዔ መያዝ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው። የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። በባዶ ሆድ፣ በውርጭ እየተጠመቁ፣ መጠጡንም በዚያው ቀን ማቋረጥ ከላይ ያልኩትን አደጋ ያብሰዋል። ሲንቀጠቀጥና ሲቃዥ ሕመሙ የመጠጥ መቋረጥ መሆኑን ያላወቀ ቤተሰብ በገመድ አስሮ ያመጣውን ሰው አይቻለሁ። የመጀመሪያውን ሳምንት በሐኪም እጅ ይለፉት፤ ከዚያ ወደ ፀበሉ ይሂዱ። የታዘዘልዎ መድኃኒት ካለም ይዘውት ይሂዱ፤ ለአጥማቂው አባትም ይንገሯቸው።

አሁን ወደ ቡድኑ። የአክስትዎ ልጅ የሰማችው አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የሚባለውን ሳይሆን አይቀርም፤ ስማቸውን የማይገልጹ የአልኮል ሱሰኞች ማለት ነው። በ180 ያህል አገሮች ቡድኖች አሉት። ስሙን በር ላይ ለጥፎ የሚጠብቅዎ ቤት ግን አይፈልጉ። እንዲህ ያለ ቡድን ሰው ለመሳብ ማስታወቂያ አያበዛም፤ በብዙ አገር የስብሰባዎቹ ቦታና ሰዓት በኢንተርኔት ይገኛል፤ በእኛ አገር ግን ሰው ከሰው መጠየቅ ሊያስፈልግ ይችላል። የአክስትዎ ልጅ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የሚደወልለትን ሰው አጣርታ ትንገርዎ። ሳይደውሉ አውቶቡስ እንዳይሳፈሩ፤ ስብሰባ ቦታና ሰዓት ይቀይራል፤ ከመንዝ ድረስ ወርዶ የተዘጋ በር ያገኘ ሰው ደግሞ ወደየት እንደሚታጠፍ እርስዎም እኔም እናውቃለን።

እዚሁ በአካባቢያችን የሚጠየቀው የሥነ አእምሮ ሕክምና ክፍል ነው፤ ደብረ ብርሃን ያለው ትልቁ ሆስፒታል ቅርብዎ ነው። አጠያየቅዎ ግን ይታሰብበት። «የሱስ ሕክምና ትሰጣላችሁ?» ካሉ «አዎ» ይሉዎታል፤ ካርድ ያወጣሉ፣ መድኃኒት ይጻፍልዎታል፣ ይሸኙዎታል። ይልቅ እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦ «ለማቆም የሚሞክሩ ሰዎች አብረው የሚቀመጡበት ቀን አላችሁ? ከሌለ፣ ያቆመና ከእኔ ጋር ለመነጋገር ፈቃደኛ የሚሆን ታካሚ ታውቃላችሁ?» ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይበልጣል። ማንኛውም በዚህ ሥራ የቆየ ነርስ አንድ ሁለት እንዲህ ያለ ሰው ያውቃል፤ ስማቸውን ለእርስዎ መስጠት አይችልም እንጂ የእርስዎን ስልክ በፈቃድዎ ለእነርሱ መስጠት ይችላል። አዲስ አበባ ከሄዱ በአማኑኤል ሆስፒታልና በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የሱስ ሕክምና ክፍሎች አሉ፤ እዚያም ይህንኑ ይጠይቁ። በተጨማሪ በእንግሊዝኛ የሚካሄዱ የኢንተርኔት ስብሰባዎች ሌት ተቀን አሉ። ምስልዎን አጥፍተው፣ ስምዎን ለውጠው፣ አንድም ቃል ሳይናገሩ ማዳመጥ ይችላሉ። እንደ መምህርነትዎ ቋንቋው አይከብድዎትም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሰዎችን ንግግር ለመስማት ጥሩ ነው፤ እዚያ ብቻ መቅረትን ግን አልመክርም፤ ኔትወርክ ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋ ቡድን ሌሊት አይደርስልዎትም።

ይህ ሁሉ ባይሳካስ? ስለ ቡድኑ አጀማመር የማውቀውን ላጫውትዎ፤ ለእርስዎ ሁኔታ ከዚህ የሚቀርብ ታሪክ አላውቅም። በ1927 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ 1935) ቢል የተባለ የኒው ዮርክ ነጋዴ ለአንድ ጉዳይ ኦሃዮ ውስጥ አክረን ወደምትባል ከተማ ሄደ። መጠጥ ካቆመ ገና ጥቂት ወራት ነበር። ጉዳዩ ከሸፈ፤ ገንዘብም እምብዛም አልያዘም፤ በማያውቀው ከተማ ሆቴል ውስጥ ብቻውን ቆሟል። በአንድ በኩል ሰው የሚሳሳቅበት መጠጥ ቤት አለ፤ በሌላ በኩል ስልክ። የሚያስፈልገው ምክር እንዳልሆነ ገባው። እንደ እርሱ የታመመ ሌላ ሰው ማግኘት ነበረበት። የከተማይቱን አብያተ ክርስቲያናት ዝርዝር ተመልክቶ እየደወለ «ጠጪ ሰው አገናኙኝ» አለ። አንዲት ሴት ቤት ከቀዶ ሐኪሙ ከዶክተር ቦብ ጋር ተገናኙ። ዶክተሩ «15 ደቂቃ ብቻ» ብሎ መጥቶ ነበር፤ ሰዓታት ቆየ። ስለ መጠጥ ያልመከረው ሰው አልነበረም፤ የጠጣ ሰው ግን የራሱን ታሪክ እንደዚያ ነግሮት አያውቅም ነበር። ዶክተር ቦብ ከዚያም በኋላ አንድ ጊዜ ወደቀ። የመጨረሻውን ቢራ የጠጣው በሰኔ 3 ቀን ነው፤ ቀዶ ሕክምና ነበረበትና እጁ እንዳይንቀጠቀጥ ነው የጠጣው። እንደ እርስዎ ጠመኔ ማለት ነው። ቡድኑ ያንን ቀን ልደቱ አድርጎ ይቆጥረዋል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ቡድን ሁለት ሰው ነበር። እስከ ዛሬም በዚህ ማኅበር ወግ ሁለት ሦስት ሰው ላለመጠጣት ከተገናኘ ቡድን ነው፤ ፈቃድ የሚሰጥ አለቃ የለበትም። አባል ለመሆን የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መጠጥ ለማቆም መፈለግ። መዋጮ ግዴታ አይደለም፤ ለቡናና ለቤቱ ኪራይ የሚቻለው ያዋጣል። መሀል ሜዳ ላይ ቡድን ላይኖር ይችላል፤ እንደ እርስዎ ያለ አንድ ሌላ ሰው ግን አለ። በደብረ ብርሃንና በመንዝ አረቄ የስንቱን ቤት እንደጎዳ የምናውቅ ሰዎች በዚህ አንጠራጠርም።

ብሄድ ምን ያደርጉኛል ላሉት፣ ምንም አያደርጉዎትም። ስብሰባው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰዓት ወይም ሰዓት ተኩል ነው። ወንበሮች ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፤ ተራ የያዘ ሰው አጭር ነገር አንብቦ ይከፍታል። ከዚያ የፈለገ የግል ስሙን ብቻ ተናግሮ ያለፈበትን ያወራል። ያልፈለገ «ዛሬ አዳምጣለሁ» ብሎ ያልፋል፤ ለምን ብሎ የሚጠይቀው የለም። ሰው ሲናገር ማቋረጥ፣ «እንዲህ ብታደርግ ይሻልሃል» ማለት፣ መገሠጽ የለም። ማስታወሻ የሚይዝ የለም፤ የስም መዝገብም የለም። ክፍት የሚባለው ስብሰባ ላይ ቤተሰብና ታዛቢም መግባት ይችላል፤ ዝግ የሚባለው ለማቆም ለሚፈልጉ ሰዎች ብቻ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሄዱ የትኛው እንደሆነ ይጠይቁ። እየቆዩ ሲሄዱ ከእርስዎ ቀድሞ ካቆመ አንድ ሰው ጋር ይጣመራሉ፤ ሌሊት ሐራራው ሲነሳ የሚደውሉለት ሰው ይህ ነው። በአገራችን ቃል የንስሐ አባትም ጓደኛም አይደለም፤ መንገዱን አስቀድሞ የሄደ ሰው ነው።

ስለ እግዚአብሔር ይነሳል፤ ግን እያንዳንዱ በራሱ እምነት ነው የሚይዘው። ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ሙስሊም ነኝ ብሎ የሚቸገርበት ምክንያት የለም። ሃይማኖታዊ ቃል የሌለበት፣ አስተሳሰብን በመለማመድ ላይ ያተኮረ ስማርት ሪከቨሪ የሚባል ሌላ ዓይነት ቡድንም አለ፤ በኢንተርኔት ይገኛል።

አንድ ስብሰባ ገብተው «ይህ የእኔ አይደለም» ብለው ከወጡ አልፈርድብዎትም፤ ግን ቢያንስ አምስት ስድስት ጊዜ ሳይሄዱ አይወስኑ። የመጀመሪያው ቀን ሰው የሚያዳምጠው በሩን እያየ ነው፤ ምንም አይሰማም። ሰዎቹን መለየት የሚጀምረው በሦስተኛው ቀን ነው።

ይሠራል ወይ? በ2020 እ.ኤ.አ. ኮክሬን የተባለው የጥናት ገምጋሚ ተቋም 27 ጥናቶችን፣ ከ10,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸውን፣ በአንድነት መርምሮ ነበር። ወደዚህ ዓይነት ቡድን በሥርዓት እንዲገቡ ከተደረጉት መካከል ከዓመት በኋላ ጨርሶ ሳይጠጡ የተገኙት ከመቶ 42 ያህል ሲሆኑ፣ በሌላ የምክር ሕክምና ከታገዙት መካከል ደግሞ ከመቶ 35 ያህል ነበሩ። ተአምር እንዳልሆነ ያስተውሉ፤ ከግማሽ በላዩ በዓመቱ ውስጥ አንዴም ቢሆን ቀምሷል። ግን ያለ ክፍያ፣ ያለ ሆስፒታል አልጋ፣ ሰው ለሰው ተቀምጦ ከባለሙያ ምክር የማያንስ እንዲያውም የሚበልጥ ውጤት ማግኘቱን ሳይ፣ እኔ በሙያዬ ትሕትናን ተምሬበታለሁ። ከዓመታት በፊት አንድ ጤና ተቋም ውስጥ ለጠጪዎች የሚሆን ቡድን ስጀምር ሰሌዳ አቁሜ ስለ ጉበት አስተምር ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ሁለት ሰው ብቻ መጣ። ሰሌዳውን አስወጣሁት፤ ከሁለቱ አንደኛው ስለ ልጁ ሠርግ ማውራት ጀመረ፤ ሠርጉ ላይ ምን እንዳደረገ። ያን ዕለት ነው ቡድኑ የተጀመረው። ሁለቱም በሳምንቱ ተመልሰው መጡ፤ ሦስተኛ ሰውም ይዘው መጡ።

የሚታወቁ ሰው መሆንዎ ከባድ ነው፤ አላቃልለውም። አዲስ አበባ ውስጥ ስም አለመናገር ይበቃል፤ መሀል ሜዳ ላይ ግን ፊትዎ ስምዎ ነው። ከልምድ የማውቀው ይህን ነው። ስብሰባን በገበያ ቀን ማድረግ ይጠቅማል፤ በገበያ ቀን ከተማ የገባን ሰው «ለምን መጣህ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ቦታው ሰው ለብዙ ጉዳይ የሚገባበት ግቢ ይሁን፤ ጤና ጣቢያ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ የሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሽ፤ ለብቻው ያለ ቤት ወሬ ይጠራል። በመጀመሪያው ቀን ሁሉም በቃል አንድ ነገር ይስማማ፤ እዚህ ያየኸውን ሰው፣ እዚህ የሰማኸውን ቃል እዚሁ ትተህ ትወጣለህ፤ መንገድ ላይ ስትገናኙም «ስብሰባው እንዴት ነበር?» አትልም። የወረዳው ከተማ ከጠበበብዎ ደግሞ ወርዶ ደብረ ሲና ወይም ደብረ ብርሃን ድረስ በወር ሁለት ጊዜ መሄድም መንገድ ነው።

ተማሪ ቢያይዎስ? መምህር፣ ይህን ስናገር ልብዎን እንዳላሳምም እፈራለሁ፤ ተማሪዎችዎ ያውቃሉ። ከፊተኛው መደዳ የሚቀመጥ ልጅ የአረቄን ሽታ ከቤቱ ያውቀዋል። የሚጠጡ መሆንዎ እየታወቀ የሚያቆሙ መሆንዎ እንዳይታወቅ መፍራትዎ ሸክሙን በተገላቢጦሽ መሸከም ነው። ይህ ማለት ለሁሉ ይናገሩ ማለት አይደለም። ለሦስት ሰው ይበቃል፤ ለባለቤትዎ፣ ለሐኪምዎ፣ ለዚያ ለሁለተኛው ሰው።

ይህን ሁለተኛ ሰው ሲፈልጉ አሁን አብረውዎ ከሚጠጡት ወዳጆች አይጀምሩ። «አብረን እናቁም» ተባብለው አብረው የወደቁ ብዙ ናቸው። ቀድሞ ይጠጣ የነበረና አሁን የማይጠጣ ሰው በየቀበሌው አለ፤ ሰው «እርሱ እንኳ ተወው» እያለ ያነሳዋል። ወደ እርሱ ይሂዱ። «አስተምረኝ» አይበሉት፤ «እንዴት ተውከው?» ብለው ይጠይቁትና ዝም ብለው ያዳምጡት። ምናልባትም እስካሁን ማንም አልጠየቀው ይሆናል። በሳምንት አንድ የተወሰነ ቀን፣ የተወሰነ ሰዓት ይቁረጡ። ቀኑ ከመጠን በላይ ሲጠጡበት ከነበረው ቀን ጋር ቢገጥም ጥሩ ነው፤ ለብዙ መምህራን ይህ ደመወዝ የሚወጣበት ሰሞንና ዓርብ ማታ ነው። ሻይ ይፍላ፣ ቆሎ ይቅረብ፤ እጅና አፍ ሥራ ይፈልጋሉ።

አሁን ስለ ማኅበሩ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ከሰሜን ሸዋ የሚመጡ ታካሚዎቼን ከሁሉ የሚያስጨንቃቸው ይህ ነው። ማኅበርዎ የሚያስፈልግዎን ሁሉ ይዟል። ቀን አለው፤ ተራ አለው፤ የቀረ ሰው ይጠየቃል፤ የታመመ ይጎበኛል፤ በወሩ 12 የት እንደሚገኙ ሁሉም ያውቃል። ፈረንጆቹ ያቋቋሙትን ቡድን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳነብ ይህ የእኛ ማኅበር ነው አልኩ፤ ጠላ የሌለበት። ችግሩ ጠላው ነው። ጠላ በአብዛኛው ከ2 እስከ 6 በመቶ አልኮል አለው፤ ከአረቄ ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነው፤ ሰውም «ጠላ እኮ እህል ነው» ይላል። ለሌላው እውነት ሊሆን ይችላል። ለእርስዎ ግን የመጀመሪያዋ ጣሳ የምትከፍተው በር ከአረቄው ቤት ጋር አንድ ነው።

ማኅበሩን አይተዉት። የማኅበሩን ሙሴ ለብቻቸው ያግኟቸውና «ሐኪም አልኮል ከልክሎኛል» ይበሏቸው። እውነት ነው፤ ሐኪም ይከለክልዎታል። ጸበል ጻዲቁን ይቅመሱ፤ በጣሳዎ ውኃ ወይም ዕለቱን የተበጠበጠ ብርዝ ይደረግልዎት፤ ያደረ ብርዝ ይፈላልና እርሱን አይንኩ። ከአንድ ግትር አጎት በቀር ማንም አይጎተጉትዎትም። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ግን ጸሎቱ እንዳለቀ ጥቂት ቀማምሰው ይነሱ፤ ሰዉ ሞቅ ሲለው እርስዎ ቤትዎ ይሁኑ። የራስዎ ተራ የሚደርሰው በነዚህ ወራት ከሆነ ከሌላ ሰው ጋር ይለዋወጡ። ጋን ሙሉ ጠላ ተጠምቆ ያለበት ቤት ውስጥ ሳምንት ማደር የማንንም ኃይል ይፈትናል። ሙሴው አስተዋይ ሰው ከሆኑ ደግሞ ሌላም በር ይከፈታል፤ በማኅበሩ ውስጥ በዚሁ የሚሠቃይ ሌላ ሰው ማን እንደሆነ ከእርሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም።

ስለ መሐላው። ሦስት ጊዜ ምለው ማፍረስዎ ሐሰተኛ አያደርግዎትም። በሥራዬ ያየሁት፣ መሐላ ለዓመት ወይም ለዕድሜ ልክ የሚወሰድ መሆኑ ነው ሰውን የሚሰብረው። አንድ ቀን ሲያፈርሰው ዓመቱ ሁሉ ፈረሰ ብሎ ያስባል፤ ታቦቱንም ሰውንም ይሸሻል፤ ከመጀመሪያው አብልጦ ይጠጣል። በቡድኑ ዘንድ ያለው ልማድ የሚለየው እዚህ ነው፤ «ዛሬን አልጠጣም» ይባላል እንጂ «ዳግመኛ አልጠጣም» አይባልም። ነገ ጠዋት እንደገና ይባላል። የንስሐ አባትዎን ያነጋግሩ፤ ስላፈረሱት መሐላ የሚሉት ይኖራል፤ አራተኛ መሐላ ግን አይጨምሩ።

ወድቀው ከተነሱ በመጀመሪያው ስብሰባ ይናገሩት። የቀረ ሰው ብዙ ጊዜ የሚቀረው ጠጥቶ ሳይሆን መጠጣቱን አፍሮ ነው። እኔ እመራው በነበረው ቡድን ውስጥ ከሁሉ የሚከበረው ሰው አምስት ጊዜ ወድቆ አምስት ጊዜ ተመልሶ የመጣ አናጢ ነበር፤ አዲስ ሰው ሲመጣ አጠገቡ የሚቀመጠው እርሱ ነበር።

ብርዱንም አልረሳሁትም፤ የመንዝ ሰው «ለብርዱ ነው» ሲለኝ አልስቅም፤ የመሀል ሜዳን ሌሊት አውቀዋለሁ። አረቄ ሲጠጡ የሚሰማው ሙቀት ግን ደም ከውስጥ ወደ ቆዳ ስለሚወጣ የሚመጣ ነው፤ ቆዳው ሲሞቅ የውስጡ ሙቀት ወደ ውጭ ያመልጣል። ጠጥቶ ውጭ ያደረ ሰው በብርድ የሚሞተው ለዚህ ነው። ባና መደረብና ትኩስ አጥሚት መጠጣት የሚያሞቀው በትክክል ነው።

ባለቤትዎን አልጠቀሱም፤ ስለዚህ እኔ ላንሳቸው። ለጠጪ ቤተሰቦች የተለየ አል አኖን የሚባል ቡድን ከ1951 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ መሥራቾቹ መካከል የዚያ የኒው ዮርኩ ነጋዴ ሚስት ይገኙበታል። በአካባቢያችን ባይኖር እንኳ ባለቤትዎ ወደ ሐኪሙ አብረውዎ ይሂዱ። በመጀመሪያው ሳምንት ሌሊት የሚጠብቅዎ፣ መንቀጥቀጡ ሲበረታ ወይም መቃዠት ሲጀምሩ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል የሚያደርስዎ ሰው ያስፈልጋል፤ ምልክቶቹንም ከሐኪሙ አፍ ይስሙ። አረቄ የሚያመጣው ሰው ማን እንደሆነ፣ ከየትኛው ቤት እንደሚገዙ ይንገሯቸው። አረቄ የምታወጣዋ ጎረቤት ልጆቿን የምታሳድገው በዚያው ነው፤ አትጣሉ፤ ግን «ለእርሱ እንዳትሸጪለት፤ ታሞ ነው» ብለው ባለቤትዎ ይንገሯት። እንዲህ ሲነገራት እሺ የምትል እናት ብዙ ናት።

ለትምህርት ቤቱም ያስቡበት። ሕክምናው ቢያንስ አንድ ሳምንት ከክፍል ያርቅዎታል። ሐኪሙን የሕመም ፈቃድ ወረቀት ይጠይቁት፤ በወረቀቱ ላይ የበሽታው ስም በዝርዝር እንዳይጻፍ መጠየቅም ይችላሉ። ለርእሰ መምህሩ «ታምሜ ሕክምና ላይ ነኝ» ብለው ያስገቡት። ክፍለ ጊዜዎን የሚሸፍንልዎትን የሥራ ባልደረባ ግን ከመሄድዎ በፊት ያነጋግሩ፤ ሆስፒታል ተኝተው ስለ ልጆቹ እንዳይጨነቁ።